ከረግረጉ የታጨደው ቄጠማ

ረቡዕ፣ መጋቢት 24 ቀን 2017

ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ደብተር አለኝ። አንደኛውን የሰጠችኝ የልጅ ልጄ አቢግያ ናት። ሽፋኑ ውሃ አያስገባም፤ በየጠዋቱ ሦስት ነገር ብቻ ነው የምጽፍበት፦ የውሃው ከፍታ፣ ቀለሙ፣ ሽታው። ትናንት «ሽታ» በሚለው ሥር «ከታዴዎስ ሽቶ ይሻላል» ብዬ ብጽፍ፣ «ባቡ፣ ይሄ ዳታ ነው፣ ፕሊዝ» ብላ በቀይ ሰረዘችው፤ አያቷን በስዋሂሊ ባቡ ነው የምትለኝ። ስለዚህ ይህን ሁለተኛውን ከሱፐርማርኬት ገዛሁ። ዳታ ያልሆነው ሁሉ እዚህ ይገባል።

ሥራው ደመወዝ የለውም፤ ማዕረግ ግን አለው። የረግረጉ ጠባቂ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከአዲስ አበባ ሞያሌ፣ ከሞያሌ ናይሮቢ የጭነት መኪና ስነዳ ማንም ማዕረግ ሰጥቶኝ አያውቅም።

የምንኖረው ናይሮቢ፣ ካሳራኒ ሰፈር፣ ታዴዎስ የሚባል ያገራችን ሰው ባሠራው ባለ ሃያ አራት ቤት ፎቅ ውስጥ ነው። ከግቢው ጀርባ መሬቱ ወደ ወንዙ ያዘቀዝቃል። እዚያ ደንገል፣ ፊላና ቄጠማ የሞላበት ረግረግ አለ። ድሮ የሃያ አራቱን ቤት ፍሳሽ በየሁለት ሳምንቱ መኪና እየመጣ ይመጠው ነበር፤ ያን ቀን ማንም መስኮት አይከፍትም። አቢግያ ኢንጂነር ናት። ታዴዎስን ስትጨቀጭቀው ከርማ አሳመነችው፦ ዝቃጩ ታንኩ ውስጥ ይቅር፣ ከላይ የሚተርፈው ውሃ በቱቦ ረግረጉ ውስጥ ይግባ፣ ረግረጉ ያጥራው። የአንድ ዓመት ሙከራ ሰጣት። ሰኔ ላይ የካውንቲው አስተዳደር ተቆጣጣሪ መጥቶ ወይ ይፈቅዳል ወይ ይዘጋል። ልጅቷ በራሷ ስም የሠራችው የመጀመሪያ ሥራዋ ነው።

እስካሁን ደህና ነው። ውሃው በሚወጣበት በታች በኩል ሰዲቃ ሱኩማ ዊኪ የሚሉትን ጎመን ታለማለች። ሰዲቃን ሞያሌ ሻይ ቤት ሳለች ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ሁለታችንም አርጅተን እዚህ ተገናኘን። ዛሬ «ሽማግሌው፣ የእናንተ ቆሻሻ ጎመኔን አወፈረው» አለችኝ።

«የሀብታም ቆሻሻ ነዋ፣ ሥጋ ይበዛዋል» አልኳት።

እሑድ፣ መጋቢት 28

ከቅዳሴ በኋላ አባ ሐብተማርያም ሰብስበውን፣ ቄጠማ የምናጭድበት ሜዳ ዘንድሮ ታጥሮ ፎቅ እየተሠራበት መሆኑን ነገሩን። «ለቅዳም ሹር ለሕዝቡ ምን እናድላለን?» አሉ። ታዴዎስ ፓርክላንድስ አበባ ቤት የሚሸጥ ረዘም ያለ ሣር አይቻለሁ አለ። አበባ ቤት! የትንሣኤን ምልክት ግንባራችን ላይ ከላስቲክ አውጥተን ልናስር ነው።

«አባ፣ የዘንድሮውን ለእኔ ይተዉት» አልኩ።

«ከየት ታመጣለህ?»

«የሾፌር ምስጢር ነው።»

ሁሉም ሳቁ። ሴቶቹ መረቁኝ። ልጄ ውባንቺ ብቻ አልሳቀችም፤ መኪና ውስጥ «አባዬ፣ ደግሞ ምን ውስጥ ልትገባ ነው?» አለችኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ሩይሩ አካባቢ፣ ቄጠማ እንደማይጠፋ ነገርኳት። አይጠፋም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2

አቢግያ ቦት ጫማ አልብሳኝ በረግረጉ ዳር ዳር አዞረችኝ። እኔ ቆሻሻውን ሣሩ የሚጠጣው ይመስለኝ ነበር።

«ኖ፣ ባቡ። ሥሩ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናቸው የሚበሉት። ታይም ይፈልጋሉ። ውሃው በየሥሩ እየተሹለከለከ ቀስ ብሎ ነው መሄድ ያለበት፤ ከላይ እስከ ታች አምስት ቀን ይፈጅበታል።»

«አምስት ቀን ገበታ ላይ? የእናትሽ ምግብ ቤት ደንበኞች ናቸዋ።»

ሳቀች። ስትስቅ አያቷን ትመስላለች፤ አፍንጫዋ ይሸበሸባል። ከዚያ ኮስተር ብላ፣ «ሲሪየስሊ ግን፣ ማንም ውስጡ እንዳይገባ። ዱካ ከተሠራ ውሃው ዱካውን ነው የሚከተለው። ቀጥ ብሎ ይወርዳል፣ ማንም አይበላውም። ሳዋ?»

«ሳዋ» አልኳት፤ እሺ ማለት ነው።

ከሰዓት በኋላ በማታቱ ታክሲ ሩይሩ ሄድኩ። ያሰብኩት ቦታ ደርቋል። ያልደረቀው ላይ ዘበኛ ቆሟል፣ ውሻም አለው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 9

ጸሎተ ሐሙስ። አቢግያ ለሥራ ናኩሩ ናት፣ ነገ ማታ ትመለሳለች። ሩይሩ ዳግመኛ ሄጄ ባዶ እጄን መጣሁ። አባ ሁለት ጊዜ ደወሉ።

ሠላሳ ሁለት እስር። በጎማ ውሃ ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ። የረግረጉ ዳር ዳሩ ቢጫ ነው፣ ለምለሙ መሐል ነው። መሸከም አልቻልኩም፣ ጎተትኩት። ወገቤ።

የአቢግያ ደብተር ላይ፦ ከፍታ 14፣ ቀለም ንጹሕ፣ ሽታ የለም። ይህን ጠዋት፣ ከማጨዴ በፊት ነው የጻፍኩት፤ ስለዚህ እውነት ነው።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 11

ቅዳም ሹር። አባ ባርከው ሲያድሉ ሰው ሁሉ ዓይኑን ማመን አቃተው። እንዲህ ያለ ቄጠማ በናይሮቢ አልታየም። አንዷ «ከአገር ቤት በአውሮፕላን መጣ እንዴ?» አለች። ታዴዎስ መላጣው ላይ በሁለት ዙር ጠምጥሞ ፎቶ ተነሣ። እኔም ግንባሬ ላይ አስሬ ቆምኩ። ሰው እየመጣ ጉልበቴን ይስማል።

ውስጤ ይስቅ ነበር። ሃያ አራቱን ቤት አስብና፣ ታዴዎስን አይና፣ ከንፈሬን እነክሳለሁ።

ከዚያ አንዲት ሕፃን በእናቷ ጀርባ ሆና የቄጠማውን ጫፍ ታኝክ ጀመር። እናቷን «አስጥያት» አልኳት። «ኧረ ይሁን አባባ፣ በረከት ነው» አለችኝ። ከእጇ ላይ ነጠቅኳት። ልጅቷ አለቀሰች፤ እናትየው አኮረፈችኝ።

ሦስት ጊዜ አጥቤዋለሁ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 15

ዝናብ። ትናንትም ከትናንት ወዲያም። ጎትቼ ያለፍኩበት ቦታ ውሃ ተኝቶበታል። ይሞላል፤ ሣር ነው፣ መልሶ ይበቅላል። በወጣትነቴ ስንት ሜዳ ረግጬ አልፌያለሁ።

ከፍታ 19። ቀለም፦ «ዝናብ ስለሆነ ትንሽ ደፍርሷል» አልኩ። ሽታ፦ የለም። ጉንፋን ይዞኛል፤ ቢኖርም አልሸተተኝም።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20

ሰዲቃ ከጎመኗ መሐል ቀና ብላ፣ «ሽማግሌው፣ በበዓሉ ምን ብትበሉ ነው? ውሃው ይሸታል» አለችኝ።

«ሁለት ወር ጾመን ነው፤ ሆድ ሲፈታ እንዲህ ነው።»

እየሳቀች ጎንበስ አለች። ጎመኑን ማጠጣቷን ቀጠለች። የልጇ ልጅ ሚጣ ቦዩ ውስጥ በቆርቆሮ ውሃ እየቀዳች ታፈስሳለች። አራት ዓመቷ ነው። ባየችኝ ቁጥር «ባቡ፣ መኪና!» ትለኛለች፤ እኔም እንደ ድሮው የጭነት መኪናዬ ጡሩምባ እነፋላታለሁ። ዛሬም ነፋሁላት። ወዲያው ወደ ቤት ተመለስኩ።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 24

የላብራቶሪ ውጤት መጣ። አቢግያ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ወረቀቱን ዘርግታ ታየዋለች። ከበዓሉ በፊት የወሰደችው ሳምፕል ንጹሕ ነበር፤ ያሁኑ ልክ ከታንኩ የወጣ ይመስላል።

«ዝናቡ ይሆናል» አልኳት።

«በዝናብ ብቻ እንዲህ አይሆንም፣ ባቡ። የሆነ ቦታ ተሳስቻለሁ። ስሌቴ ላይ።» የዳታ ደብተሬን አንሥታ አገላበጠች። «አንተ የጻፍከው ሁሉ ደህና ነው የሚለው። ስለዚህ ሜይቢ ሳምፕሉ...» አለችና ተወችው።

ደብተሬን አመነች። ወረቀቱን ነው የተጠራጠረችው።

ውባንቺ ከኩሽና «ብይ እንጂ፣ ሁለት ቀን አልበላሽም» አለቻት። እኔም አልበላሁም፤ እኔን ግን ማንም አላለኝም። ቅሬታ አይደለም። ልብ ብያለሁ ለማለት ነው።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 27

ይህን በደንብ ልጻፈው።

ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ አቢግያ ከላይ፣ ቱቦው አፍ ላይ፣ አንድ ጠርሙስ ቀለም አፈሰሰች። ጉዳት የሌለው አረንጓዴ ቀለም ነው፤ ውሃው ከላይ እስከ ታች ስንት ጊዜ እንደሚፈጅበት በሱ ነው የሚታወቀው። «መውጫው ጋ ተቀመጥና አረንጓዴውን ያየህበትን ሰዓት ጻፍልኝ። ዛሬ አይመጣም፤ ሐሙስ ወይ ዓርብ ነው። ግን ኢን ኬዝ ቢመጣ» ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። ወንበር፣ ጃንጥላና ውሃ አስቀምጣልኛለች። ሙዝም ጨምራለች።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መጣ።

እንደ ሐሰት ደማቅ ነበር። መጀመሪያ እንደ ክር ቀጥኖ መጣ፣ ከዚያ መውጫውን ሞላው። እስክሪብቶው እጄ ላይ ነበር። ብጽፈው «እንዴት በሦስት ሰዓት ተኩል?» ትላለች፤ ቦት ጫማዋን አድርጋ ትገባለች፤ መሐል ላይ እንደ ታጨደ ጎዳና የተዘረጋውን ታያለች፤ «ማን?» ትላለች። ናይሮቢ ውስጥ ቄጠማ ያጨደ ስንት ሰው አለ?

ተቀምጬ አየሁት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ውሃው ወደ ቀድሞ መልኩ ተመለሰ። ደብተሩ ላይ «ምንም አልታየም» ብዬ ጻፍኩ።

ሰዲቃ ሽቅብ መጣች። «ሽማግሌው፣ ቦዬ አረንጓዴ ሆነልህ።»

«የታዴዎስ ቀለም ቀቢዎች ናቸው፤ ብሩሻቸውን አጥበው ነው።»

«መርዝ የለውም?»

«የለውም። ግን ለማንም አትንገሪ፣ ሰውየው ሠራተኞቹን ያባርራል።»

«እኔ ለማን እነግራለሁ?» አለች። አመነችኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቁም ነገር ነግሬያት አላውቅም፤ ዛሬ ኮስተር ብዬ ብነግራት አመነችኝ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 29

ብቻዬን ረግረጉ ውስጥ ገባሁ። ዘጠኝ ጆንያ አፈር። ሁለቱን ውሃው ወሰዳቸው። ጉልበቴ ድረስ ሰጠምኩ፤ ደንገል ይዤ ወጣሁ። ውሃው የሚወርድበት ዱካዬ ሰፋ እንጂ አልጠበበም።

ውባንቺ ሱሪዬን አይታ «ምን ሆነህ ነው?» አለች። ዳክዬ ሳባርር አልኳት። ዳክዬ የለም እዚህ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 2

አምስት ቀን ሞላ። ቀለሙ አልወጣም። ማለት በደብተሬ አልወጣም።

«ባቡ፣ ሹር ነህ? በየቀኑ አይተሃል?»

«ዓይኔ ሊደክም ይችላል እንጂ...»

«አይ፣ ዓይንህ ከእኔ ይሻላል።» ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። «ከላይ ገብቶ ከታች ካልወጣ አንድ መንገድ ብቻ ነው ያለው። ወደ መሬት እየሰረገ ነው። ይህ ሰፈር ሰባት የጉድጓድ ውሃ አለው። ሰባት፣ ባቡ። ሰው እየመረዝኩ ነው።»

ፊቷ አመድ መሰለ። እኔም «አይዞሽ» አልኳት። ከአፌ የወጣው ይህ ብቻ ነው። ይህን ቃል እጽፈዋለሁ፣ በኋላ እንዳልክደው።

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ሚጣ ታማለች። ከቅዳሜ ጀምሮ ተቅማጥና ትውከት። ክሊኒኩ ውስጥ ጉሉኮስ ተሰክቶላታል፤ እጇ ከመርፌው ፕላስተር አይበልጥም።

ሰዲቃ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። «ቦዩ ውስጥ ነው ውሎዋ። ጠጥታ ይሆን?»

«ለጊዜው ከቦዩ አታጠጪ፣ ልጅቱንም አታስጠጊ» አልኩ።

«ለምን?»

«ዝናብ ነው፤ ሁሉን ነገር ጠርጎ ነው የሚመጣው።»

ሚጣ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ «ባቡ፣ መኪና» አለችኝ። አፌን ከፈትኩ። አልወጣም። «ዛሬ መኪናው ተበላሽቷል» አልኳት። ሰዲቃ በቀስታ ሳቀች፤ ብርቱካን ልጣ ሰጠችኝ። ለእኔ። ታሞ የመጣው ማን ሆኖ ነው ለእኔ የምትሰጠኝ?

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ሚጣ ተሽሏታል። ነገ ትወጣለች።

እፎይ አልኩ። ከዚያ እንዲህ የሚል ሐሳብ መጣብኝ፦ ከተሻላት እንግዲህ ለማን መናገር ያስፈልጋል? ይህን ያሰበው ሌላ ሰው አይደለም።

ዓርብ፣ ግንቦት 8

ታዴዎስ ለእሑድ የግቢውን ሰዎች ጠርቷል። ደረጃው ላይ በስልክ ሲያወራ ሰማሁት፦ «ሙራም ጠጠር አስመጥቼ እሞላዋለሁ፣ ፓርኪንግ ይሆናል። ልጅቷ ራሷ ዝጉት እያለች ነው።»

እውነቱን ነው። አቢግያ ደብዳቤ ጽፋለች። አታሚው ላይ ትታው ስትወጣ አነበብኩት፦ ረግረጉ ወደ ከርሰ ምድር እንደሚያሰርግ በቀለም ሙከራ መረጋገጡን፣ ስሕተቱ የራሷ የንድፍ ስሕተት መሆኑን፣ በአስቸኳይ እንዲዘጋ እንደምትመክር፤ ግልባጭ ለካውንቲው፣ ግልባጭ ኢንጂነሮችን ለሚመዘግበው ቦርድ። ከታች ፊርማዋ። «በቀለም ሙከራ መረጋገጡን»! የቀለም ሙከራው እኔ ነኝ። ወንበር ላይ የተቀመጠው፣ ሙዝ የበላው።

ውባንቺ ስታባብላት ሰማሁ። «ሌላ ሥራ ታገኛለሽ፣ ልጄ።»

«ማሚ፣ ሥራው አይደለም። ሁሉንም ቼክ አድርጌ ነበር እኮ። ሁሉንም።»

ከምሳ ጀምሮ እዚህ ወንበር ላይ ነኝ። ሰበቦቼን ልቁጠራቸው። አንድ፣ ለቤተ ክርስቲያን ብዬ ነው። ሐሰት፤ ለምርቃቱ ብዬ ነው። አባ ስሜን ጠርተው እንዲያመሰግኑኝ። ሁለት፣ እንዲህ እንደሚሆን አላወቅሁም። ሐሰት፤ ነግራኛለች፣ ሳዋ ብያታለሁ፣ እዚሁ ደብተር ላይ ተጽፏል። ሦስት፣ አርጅቻለሁ። ይህ እውነት ነው፤ ግን ሠላሳ ሁለት እስር ስጎትት ያላረጀሁ አሁን ነው የማረጀው?

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ቁጣዋ አይደለም። አብረን ስንሆን ትስቃለች። በዚህ ቤት እኔን የምትፈልገኝ ለዚያ ነው ብዬ ነው የማስበው። ያ ከቀረ ምን ይቀረኛል? አፍ ብቻ።

ታዲያ ለዚያ ብዬ ስሟን ላስፈርማት ነው?

እሑድ፣ ግንቦት 10

ስብሰባው ለስምንት ሰዓት ነበር። ሰባት ሰዓት ላይ ደብዳቤውን ይዛ በር ላይ አገኘኋት። «ቦት ጫማሽን አድርጊ» አልኳት።

«ባቡ፣ አሁን አይሆንም።»

«አሁን ነው።»

ከፊት መራኋት። ዳር ላይ ሳልቆም ገባሁ። እሷም ተከተለችኝ። መሐል ስንደርስ ከቱቦው አፍ እስከ መውጫው ወለል ብሎ ታየ፤ ግራና ቀኝ ፊላው ቆሟል፣ መሐሉ ላይ ክንድ የሚያህል ቦይ ውሃውን እየነዳ ይወርዳል። የእኔ ጆንያዎችም እዚያው ተጋድመዋል።

ረጅም ጊዜ አየችው። «ይሄ ሰው የሠራው ነው» አለች።

«እኔ ነኝ። የቅዳም ሹሩ ቄጠማ ከዚህ ነው የታጨደው።»

ትጮኻለች ብዬ ነበር።

«ቀለሙስ?»

«መጥቷል።»

«መቼ?»

«ሰኞ ዕለት። ያፈሰስሽ ቀን።»

«በስንት ሰዓት?»

«በስድስት ሰዓት ተኩል።»

ከኪሷ እስክሪብቶ አወጣች። የደብዳቤውን ጀርባ ገልብጣ «6:30» ብላ ጻፈች፤ ከሥሩ «3.5 ሰዓት»። ከዚያ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠች። «ወደ መሬት አይሰርግም» አለች። «አይሰርግም። ጉድጓዶቹ ደህና ናቸው።» ማልቀስ ጀመረች። እጄን ትከሻዋ ላይ ላሳርፍ ስል «አትንካኝ፣ አባባ» አለችኝ። አባባ ብላኝ አታውቅም።

ስብሰባው ላይ እኔው ተነሥቼ ተናገርኩ። ቀልድ ለመጀመር ስንት ጊዜ አፌ ላይ መጣ፤ ዋጥኩት። «ቄጠማው ከዚህ ረግረግ ነው፤ ረግረጉ ውስጥ የሚገባው የእናንተው ፍሳሽ ነው፤ አጥቤዋለሁ ግን ከዚያ ነው። ውሃው የተበላሸው እኔ ባጨድኩበት ነው። የአቢግያ ደብተር ላይ የዋሸሁትም እኔ ነኝ።» አንዲት ሴት ግንባሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ በወሩ። ታዴዎስ መላጣውን ዳሰሰ። ኋላ ካሉት ኬንያውያን ጎረቤቶች አንዱ «ኒኒ?» ብሎ ምን እንደተባለ ጠየቀ፤ የተረጎመለት ሰው መሐል ላይ ሲደርስ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው፤ ሌላ ማንም አልሳቀም።

አባ ሐብተማርያም ደውዬላቸው መጥተው ከበሩ አጠገብ ተቀምጠው ነበር። «ከየት እንደሆነ ጠይቄህ ነበር፤ አጥብቄ አልጠየቅሁም። የእኔም ድርሻ አለበት» አሉ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ አቢግያ ደብዳቤዋን ቀደደችው፤ ጭቃ ነክቶት ነበር። «ረግረጉ አልተበላሸም። መሐሉ ነው የተከፈተው። ሦስት ሳምንት ስጡኝ» አለች። ታዴዎስ፣ «እስከ ተቆጣጣሪው ቀን። ያኔ ካልተስተካከለ ሙራሙ ይመጣል። እስከዚያ ግን ጋሽ መኳንንት እዚያ እንዳይደርሱ» አለ። ስለ እኔ ነው፤ እፊቱ ተቀምጫለሁ።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

የሰዲቃ ቀረ። ትናንት መሄድ አቃተኝ፤ ዛሬ ሄድኩ።

ቆሜ ነገርኳት። ቄጠማውን፣ አረንጓዴውን፣ «ለማንም አትንገሪ» ያልኩትን። መኮትኮቻዋን እንደያዘች ሰማችኝ። ሚጣ ደጃፉ ላይ ትጫወታለች፣ ከስታለች።

«አረንጓዴው የመጣ ቀን ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ያን ቀን ብትነግረኝ ልጅቷን አስወጣት ነበር።»

«አዎ።»

ወደ ጎመኗ ዞረች። ሁለት መደብ ሙሉ ሱኩማ፣ ለገበያ የደረሰ። «አቢግያ መጥታ፣ አይሸጥም፣ ነቅለሽ ቅበሪው ብላኛለች። አካፋው እዚያ ነው፣ አቶ መኳንንት።»

አቶ መኳንንት። ሞያሌ ሻይዋን ስጠጣ እንኳ አላለችኝም።

እስከ አሥር ሰዓት ጉድጓድ ቆፈርኩ፣ ጎመን ቀበርኩ። ሚጣ አንድ ጊዜ «ባቡ» ብላ ስትጀምር አያቷ ወደ ውስጥ ጠራቻት።

ዓርብ፣ ግንቦት 15

ከላይ ከመስኮቴ አያቸዋለሁ። አቢግያ፣ ውባንቺ ምግብ ቤቱን ዘግታ፣ አባ የላኳቸው ስድስት ጎልማሶች፣ ሰዲቃም። ቦዩን በአፈር ጆንያ በአግድም በአግድም ዘጉት፤ ከዳር ቄጠማ ከነሥሩ እየነቀሉ መሐል ተከሉ። እኔ ያን ቀን ርዝመቱን ዘጋሁ፤ ለካ አግድሙን ነበር። ወርጄ ልነግራቸው አሰኘኝ፤ ማን ጠየቀህ አልኩ ራሴን። ጠባቂነቱ ለሰዲቃ ተሰጥቷል። ደብተሩም።

አቢግያ ደህና አደርክ ትለኛለች፤ ደህና እደር ትለኛለች። በመሐል ያለው ቀን ባዶ ነው።

እሑድ፣ ግንቦት 24

ሰኞ ዕለት ቀለሙን እንደገና አፈሰሱት። ዓርብ ጠዋት ወጣ፤ ሰዲቃ ናት ያየችው። አራት ቀን። አምስት አይደለም፤ ግን ሣሩ ገና አልያዘም ይላሉ። ላብራቶሪው ገና ነው፤ ተቆጣጣሪው ገና ነው። አይታወቅም።

ከሰዓት በኋላ አቢግያ ላፕቶፗን ይዛ ክፍሌ መጣች። ከግንቦት 10 ወዲህ ስትገባ የመጀመሪያዋ ነው። ለካውንቲው የሚላከው የብልሽት ሪፖርት ነው፤ ከተቆጣጣሪው ቀን በፊት መድረስ አለበት፤ የሚመለከተው ሰው አንብቦ ይፈርማል። መነጽሬን አደረግሁ። ሁሉም አለ፦ ቀኑ፣ ሠላሳ ሁለቱ እስር፣ ሐሰተኛው ደብተር፣ የታመመችው ልጅ። ሙሉ ስሜ፣ ከነአባቴ። አንድም ቃል አላለሰለሰችም፣ አንድም ቃል አልጨመረችም።

ቅጹ መጨረሻ ላይ «ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ከፕሮጀክቱ ኢንጂነር ጋር ያለው ዝምድና» የሚል መስመር አለ። ባዶ ነበር።

«ይህን ተዪው» አልኳት። «የገዛ አያቷን ጠባቂ አደረገች ብለው ባንቺ ላይ ያዞሩብሻል። ባዶ ቢሆን ማን ይጠይቃል?»

«አሁንም?» አለችኝ።

ላፕቶፑን ወደ ራሷ አዞረችና ጻፈች። ስትጽፍ አላየችኝም። ከዚያ ወደ እኔ መልሳ አዞረችው፤ መስመሩ ላይ «አያት» ይላል።

«ይጎዳሻል» አልኳት።

«አያቴ አይደለህም?»

«ነኝ» አልኳት።